የአባቴ የሕይወት ታሪክ አልከፈት ያለ ዕለት

አባቴን የቀበርን ዕለት ጠዋቱን ያሳለፍኩት በለቅሶ ሳይሆን ከስልኬ ጋር በመጣላት ነው። ሲናገሩት ያሳፍራል፤ እውነቱ ግን ይሄ ነው። ቀብሩ ሰባት ሰዓት ላይ ነበር። አራት ሰዓት ተኩል ላይ እኔ አየር ጤና ታክሲ ተራው አጠገብ ካለች ጠባብ ኮፒ ቤት ውስጥ ቆሜ የሕይወት ታሪኩን ለማሳተም እታገላለሁ፤ ስልኬ ደግሞ ነጭ ገጽ ብቻ ያሳየኛል።

አብራኝ የነበረችው እህቴ ናት። እህቴ ብዬ መጥራት የጀመርኩት በዚያው ሰሞን ነው። አባቴ እናቴን ከማግባቱ በፊት ከሌላ ሴት የወለዳት ናት፤ ኮልፌ እናቷ ዘንድ አደገች። በዓል በመጣ ቁጥር ቤታችን ትመጣለች። ለእንግዳ «ዘመዳችን ናት» እንላለን፤ እሷም ፈገግ ብላ ትቀመጣለች። አባቴ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ልጆቹን አልጋው ዙሪያ ሰብስቦ «እሷንም ቁጠሯት» አለን። ሌላ ነገር አልጨመረም። እናቴም «እንዳልከው ይሁን» አለችው።

የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ታላቅ ወንድሜ ነው። በዋዜማው ሊንኩን ልኮልኝ ስከፍተው «የአምስት ልጆች አባት ነበሩ» ይላል። ድንኳኑ ጀርባ ሄደን፣ ለቀስተኛ እንዳይሰማን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ተጣላን። በማግስቱ ጠዋት ደወለና «አስተካክዬዋለሁ፤ እዚያው ሊንክ ላይ ነው። መቶ ኮፒ አሳትሚ» አለኝ። እፎይ አልኩ። ከሰፈራችን ከዓለም ባንክ በታክሲ ስንመጣ ለእህቴ «ዛሬ ስምሽ ይነበባል» ብዬ ነገርኳት። ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። ምን አስቸኮለኝ? ድሮም አፌ አያርፍም።

ኮፒ ቤቱን የምትሠራው ወጣት ሴት «እዚያው ላይ አይክፈቱት፤ መጀመሪያ ዳውንሎድ ያድርጉት» አለችኝ። አደረግኩ። «ፋይሉን መክፈት አልተቻለም» አለ። እንደገና አወረድኩት። አሁን አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች ሆኑ፤ አንዳቸውም አይከፈቱም። ኔትወርኩ ነው ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ። የታክሲ ረዳቶች ይጮሃሉ፤ እኔ በጥቁር ልብሴ ስልኬን ወደ ሰማይ አንስቼ ቆሜያለሁ። ላየኝ ሰው የምጸልይ እመስላለሁ፤ እየጸለይኩም ነበር። ተመልሼ ገባሁና ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት። ድንገት ተከፈተ! የአባቴ ፎቶ መጣ፤ ጽሑፉ መጣ። ወደ ታች ወረድኩ። «የአምስት ልጆች አባት ነበሩ።»

ክው አልኩ።

«ትናንት ከፍተውት ነበር?» አለችኝ ልጅቷ።

«አዎ።»

«በቃ፣ ስልክዎ የትናንቱን አስቀምጦ ነው የሚያሳይዎት። ያጠራቀመውን ሁሉ ያጥፉለት፤ ወይ በሌላ ብራውዘር ይሞክሩት።»

እግዚአብሔር ይስጣት፣ ነፍሴ መለስ አለች። ያጠራቀመውን ሁሉ አጠፋሁ፤ ሌላ ብራውዘርም ጫንኩ። እዚያ ላይ ደግሞ ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ምንም አይመጣም። አምስት ሰዓት ከሩብ ሆነ። እጄ ላብ በላብ ከመሆኑ የተነሳ ስልኩ ስነካው አልሰማ አለኝ። ኔትወርኩን ረገምኩ፤ ስልኩን የሸጠልኝን ሰው ሳይቀር ረገምኩ።

እስከዚያ ጥግ ላይ ተቀምጣ የነበረችው እህቴ ተነሳች። መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው፤ በእንዲህ ዓይነቱ ነገር ከኔ ትሻላለች። «ሊንኩን ላኪልኝ፤ በኔ ስልክ ልሞክረው» አለች። ላክሁላት። ወዲያው ተከፈተላት። ፊቷን እያየሁ ነበር። ዓይኗ ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው አነበበች።

«ተከፍቷል» አለች። «ጥሩ ተጽፏል። ይታተም።»

ስልኩን ከእጇ ወሰድኩ። አምስት ይላል።

«ያንቺም የድሮውን ነው የሚያሳየው!» ብዬ ጮህኩ። «ብራውዘሩ ነው! ያጠራቀመውን አጥፊው!»

ልጅቷ የነገሩን ሥር አታውቅም። «እሳቸው ስልክ ላይ ከዚህ በፊት ተከፍቶ ያውቃል?» አለች።

«አያውቅም» አለች እህቴ።

«እንግዲያው ያስቀመጠው ነገር የለም። ፋይሉ ላይ ያለው ይሄው ነው ማለት ነው።»

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ጠራ፤ አላነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ ዘጋው። ጠዋቱን ሙሉ ሳሳድደው የነበረው የተስተካከለ ፋይል የትም አልነበረም። ስልኬ አልዋሸኝም፤ የዋሸኝ ወንድሜ ነው። እህቴን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። በሱ ልናደድ፣ ወይስ ታክሲ ውስጥ አፌን በከፈትኩት በራሴ? እንባዬ መጣ።

«ተይው፤ ሰዓቱ ሄዷል» አለችኝ። «እኔ እንደሆን ለምጄዋለሁ።»

«እኔ አልለመድኩትም» አልኳት።

ልጅቷን ፒዲኤፉን ማስተካከል ትችል እንደሆነ ጠየቅኳት። ሁሉንም እንደ አዲስ ልተይብ ብል አይደርስም አለች። ግን ጥቂት አሰበችና ገጹን አንዴ አተመችው። የሚቀየረውን ብቻ ተይባ፣ በመቀስ ቆርጣ፣ በማስቲሽ ለጥፋበት፣ ከዚያ መቶውን ኮፒ ልታደርገው ነው። «የስድስት ልጆች አባት» የምትለው ቀጭን ወረቀት ወዲያው ተለጠፈች። ቀጥሎ የልጆቹን ስም ዝርዝር መተየብ ጀመረች።

«የእርስዎን የት ጋ ላስገባው?» አለቻት።

«ከታች» አለች እህቴ ቶሎ ብላ። «ከታች ይበቃል።»

ወንድሜ ምን እንደፈራ የገባኝ ያኔ ነው። እሷ ከተቆጠረች የመጀመሪያው ልጅ እሱ አይደለም። ዕድሜ ልኩን ታላቃችን ሆኖ ኖሮ፣ በአባቱ ቀብር ላይ ስሙ ሁለተኛ ሆኖ ሊነበብ ነው። እኔም ፈራሁ። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ከዛሬ በኋላ አያናግረኝም ብዬ ፈራሁ።

«ከላይ አድርጊው» አልኳት ልጅቷን። «ታላቃችን እሷ ናት።»

ሰባት ሰዓት ላይ አንባቢው መቃብሩ አጠገብ ቆሞ ወረቀቱን ዘረጋ። ልጆቹ ጋ ሲደርስ የእህቴን ስም አስቀድሞ ጠራ። ወንድሜ ቀና ብሎ በሰዉ መሃል ፈለገኝ፤ አገኘኝም። ዓይኔን አልሰበርኩም። አባቴ ካረፈ ጀምሮ እህቴ ያለቀሰችው «ጋሼ፣ ጋሼ» እያለች ነው። ስሟ ሲጠራ ግን «አባቴ!» ብላ ጮኸች፤ ሴቶቹም ልጁ ናትና ግራና ቀኝ ደግፈው ያዟት።