ጣራዋ የሚታጠፍ መኪና ፍለጋ

መንገድ ጠልቼ አላውቅም። ለቅሶ አለ ሲሉኝ አቀስታ፣ ክርስትና አለ ሲሉኝ ደጎሎ፣ ምንም በሌለ ጊዜም ሰው ናፍቆኝ ወረኢሉ ስል ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ጉልበቴ እስኪዝል ሄጃለሁ፤ ሲዝልም አረፍ ብዬ ደግሞ ሄጃለሁ። ከልጄ ጋር አሮጌ መኪና ፍለጋ የዞርኩበት ጊዜ ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ ቤቴ ስገባ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ መደቡ ላይ ጋደም እል ነበር።

ልጄ ከዐረብ አገር ይዛ የመጣችው ያጠራቀመችውን ገንዘብና የታመመ ወገቧን ነው። ስንት ዓመት የሰው ደረጃ ስትወለውል ኖራ፣ «ከእንግዲህ ለራሴ ነው የምሠራው» አለች። ዘመድ ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ ቤት ሠርተሽ አከራዪ፣ አንዱ ሱቅ ክፈቺ፣ ሌላው ባጃጅ ግዢ አላት። እሷ ግን ስልኳን ከፍታ አንድ ፎቶ አሳየችኝ፤ ከመሬት ብዙም ከፍ ያላለች፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ በሯ ሁለት ብቻ የሆነ መኪና። ጣራዋ እንደ ጃንጥላ ወደኋላ ይታጠፋል።

«ስፖርት መኪና ናት እማ። የድሮ ናት።»

«የድሮ ምን ያደርግልሻል? ገንዘብሽን ካወጣሽ አይቀር አዲስ አይሻልም?»

«አዲሱን ለሰርግ ከደሴ የሚያከራይ ሞልቷል። ሙሽራ የምትፈልገው በጓደኛዋ ሰርግ ላይ ያላየችውን ነው። ክፍት ሆና፣ ቬሏን ነፋስ እያነሳው፣ መካነ ሰላምን ከዳር እስከ ዳር ብትዞር ማን ይጠላል?»

እኔ የተዳርኩት በበቅሎ ነው፣ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጠጉሬ ተሸፍኜ። ማንም አላየኝ፣ እኔም ወዴት እንደሚወስዱኝ አላየሁም። ስለዚህ የልጄ ነገር ገብቶኛል። ያስፈራኝ ሌላ ነው። «ይሄ ካልሆነልኝ እመለሳለሁ» ብላኛለች። ሰው ወደ ዐረብ አገር የምትልክ አንዲት ሴት በየጊዜው ትደውልላት ነበር፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሥራዬን ትቼ ጆሮዬን አቆማለሁ። እንዲህ ሆኖ ነው ስለ መኪና ደንታ ያልነበረኝ ሴትዮ ለመኪና ስለት መሳል የጀመርኩት።

መናኸሪያው አጠገብ ጋራዥ ያለው ጎረቤታችን አብሮን ይዞር ነበር። እጁ ወርቅ ነው፣ አፉ ግን አያርፍም። በመጀመሪያው ቀን ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ሆኖ ትምህርት ይሰጠን ጀመር።

«እማማ፣ አሮጌ መኪና እንደ አሮጌ ባል ነው። ሞተሩ ቢደክም ይታከማል። አጥንቱ ከበሰበሰ ግን መቅበር ነው።»

«ባሌን ቀብሬዋለሁ። አጥንቱ ደህና ነበር» አልኩት።

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀብን። ልጄ ግን አልሳቀችም፤ የምትሰማው ትምህርቱን ነበር። ቀለም አትይ፣ ቀለም ለሁሉም ይቀባል። ሞተሩ ሳይሞቅ፣ በጠዋት ሲነሳ ስሚው፤ አሙቀው ከጠበቁሽ የደበቁት ነገር አለ። ጭሱን እዪ። ዳገት ላይ ንጂያት። የመኪናዋ ደብተር ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ሻንሲው ብረት ላይ ከተቀረጸው ጋር ካልገጠመ ምሳ ቢጋብዙሽም እንዳትበዪ። እንዲህ እንዲህ እያለ ደጎሎ አደረሰን።

ደጎሎ ያየናት መኪና ምሳ እንኳ አልተጋበዝንባትም። ቁጥሩ አልገጠመም፤ ባለቤቱም «የጻፈው ሰውዬ ተሳስቶ ነው» አለን። ተመለስን። ከዚያ በኋላ ደላሎች ስልኳን አገኙት። «አለች!» ይሏታል። «ወርቅ ናት!» ይሏታል። ሄደን ስናይ አንዷ ጎማ የላትም፣ አንዷ ዶሮ ፈልፍሎባታል፣ አንዷ ደግሞ በሯ አራት ነው። «ሁለቱን ብትበይዱት ያው ነው» አለን ደላላው ሳያፍር። ከገንዘቧ ይልቅ ቶሎ ያለቀው የልጄ ፊት ነው።

አቀስታ ያለችውን የሰማነው በክረምቱ መውጫ ነው። የዚያ የለጋምቦ አገር ብርድ ልብስ አያግደውም፤ ጋቢዬን ደርቤ ደርቤ ጥርሴ ይንገጫገጫል። መኪናዋ በአንድ የከብት ነጋዴ ግቢ ቆማለች። ቀይ ናት። ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ያን ሁሉ ጭጋግ ጥሳ ታበራለች። እኔ እንኳ «ወይ ውበት!» አልኩ። ልጄ በሩን ከፍታ ገባች፣ መሪውን በሁለት እጇ ያዘች፣ ፊት ለፊት ታይ ጀመር። ከመጣች ወዲህ እንደዚያ ቀና ብላ ስትቀመጥ አላየኋትም።

መካኒካችን ማዳበሪያ አንጥፎ ከመኪናዋ ሥር ገባ። እሱ ከመግባቱ የአቀስታው ደላላ አንድ ሼህ ይዞ መጣ። ሼሁ የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሲታረቁም ሲጋቡም ሲሸጡም ሰው የሚጠራው እሳቸውን ነው። በርጩማ ቀረበላቸው።

«እናታችን፣ አማን ናችሁ ወይ? ከሩቅ ነው የመጣችሁ አሉኝ» አሉኝ።

«አማን ነን፣ ይመስገን። አንቱስ እንደምን ናችሁ? ብርዱ ጎዳን እንጂ።»

ደላላው ጣልቃ ገባ። «ሼሃችን፣ ሰላት ሳይደርስባችሁ ዱዓ አድርጉልንና እንጨርስ።»

በእኛ አገር ነገሩ እንዴት እንደሆነ ላላወቀ ልንገር። ወረቀቱ ለቢሮ ነው። ሽያጭ የሚያልቀው ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ መርቆ፣ ሻጭና ገዢ አሚን ሲሉ ነው። ከዚያ ወዲያ ተውኩት የሚል ሰው በገበያ ዓይኑን ቀና አያደርግም። ይህን ልጄ ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ዱዓ እየተደረገ ዝም የሚል ሰው እዚህ አገር አልተወለደም። እስላሙም ክርስቲያኑም እጅ ሲዘረጋ ካየ እጁ በራሱ ይዘረጋል።

ሼሁ እጃቸውን ዘረጉ። «ለሻጩም ለገዢዋም ኸይሩን ያምጣው።»

«አሚን!» አለ ነጋዴው። «አሚን!» አለ ደላላው። ልጄ መሪውን ለቅቃ እጇን ዘረጋችና «አሚን» አለች። እኔም ብያለሁ። ከመኪናዋ ሥር እንኳ «አሚን» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ወዲያው ከዚያው ከሥር ማንኳኳት ተሰማ። ሲንኳኳ እንደ ብረት አይጮህም፤ ዱብ ዱብ ይላል፣ እርጥብ ግድግዳ እንደመምታት። ትንሽ ቆይቶ መካኒኩ በጀርባው እየተንፏቀቀ ወጣ። ፀጉሩ ላይ ዱቄት የመሰለ ነገር ተነስንሷል፣ በእጁ የመዳፍ ያህል ቁራሽ ይዟል።

«እማማ፣ አሚን ብለናል እንዴ?»

«ብለናል። አንተም ብለሃል።»

«ኧረ እኔን ዱዓው ነው የጎተተኝ!» አለና ቁራሹን ለልጄ አሳያት። «ይሄ ስቱኮ ነው። ቆርቆሮው በዝገት አልቆ በዚህ ለጥፈው ነው የቀቡት። ወለሉም እንዲሁ ነው። ሙሽሪትና ሙሽራው ተቀምጠውባት ዳገት ብትወጣ ሚዜ የሚሆናት አስፋልቱ ነው።»

ልጄ ከመኪናዋ ወረደች። ስትወርድ በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው፣ የሚያመው ሰው እንደሚነካ።

ነጋዴው ድምፁን አላነሳም። «አሚን ተብሏል፣ እህቴ» ብቻ አላት።

«ብያለሁ» አለች ልጄ። «ብያለሁ፣ አልክድም።»

ያን ጊዜ ነው የደከመኝ። የዚያን ሁሉ ዓመት ላብ ለዚህ ዱቄት ልትሰጥ ነው፣ ከዚያም ትሄዳለች። ወደ ሼሁ ዞርኩ። «አፉ በሉን፣ ይቅር በሉን» አልኩ። «ልጅቱ አልዋሸችም። አሚን ያለችው ያደገችበት ሆኖ ነው።»

ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ቁራሹን ተቀበሉ፣ በጣታቸው አሹት። ፈረፈረ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉት ነጋዴውን።

«ቀለም ነው፣ ሼሃችን።»

«ቀለም እንደዚህ ይወፍራል?»

ነጋዴው መኪናዋን በመዳፉ ደበስ አደረገ።

«ከሥሩ ምን እንዳለ ታውቅ ነበር?»

ሰውየው ጫማውን ማየት ጀመረ። ደላላው ድንገት ስልክ የተደወለለት መስሎ ወደ በሩ ሄደ።

«እንግዲያው እኔን የጠራኸኝ ለምስክር አልነበረም» አሉ ሼሁ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «ለዚህ ስቱኮ ሁለተኛ ስቱኮ ልታደርገኝ ነው። ጉድለት ሸፍኖ መሸጥ ሐራም መሆኑን ለአንተ መንገር ይገባኛል?» በምርኩዛቸው ተነሡና ወደ ልጄ ዞሩ። «ሳላይ የመረቅኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ አፉ በይኝ። መኪናዋን ለሱ ተዪለት። ዱዓውን ይዘሽ ሂጂ።»

እንዲህ ሆኖ ወጣን። መካኒኩ በመንገድ ሊያስቀን ሞከረ፣ እምቢ ስንለው እንቅልፍ ወሰደው። ልጄ መስኮቱን ተደግፋ፣ «ሼሁ ባይኖሩ ሰጥቼ ነበር» አለችኝ።

«ኖሩልሽ፣ ይመስገን።»

«ደክሞኛል እማ። እዚያ ቢያንስ ነገ ምን እንደምሠራ አውቅ ነበር።»

ጋቢዬን አውልቄ ደረብኩላት። ያን ሳምንት ልጄ ሰው ለምትልከው ሴትዮ ራሷ ደወለችላት።

እኔ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ልጅ ሲሄድ ደጅ ቆሞ ማየት አንድ ጊዜ ይበቃል። ወረኢሉ አንድ የባሌ ዘመድ ሞቶ ለቅሶ አልደረስኩም ነበርና ተነሥቼ ሄድኩ። አልቅሼ፣ ሚስቱን አጽናንቼ፣ ፊቴን ልታጠብ ወደ ጓሮ ዞር ስል በመጋዘኑ ውስጥ ድርቆሽ የተቆለለበት ነገር አየሁ። ከድርቆሹ ሥር ሸራ አለ። ከሸራው ሥር የሚታየው ጎማ ነው።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት ሚስቱን።

«የሱ መኪና ናት። በጎረምሳነቱ ከአዲስ አበባ ነድቶ አመጣት። ኋላ መለዋወጫ ጠፋና ቆማ ቀረች። ሽጣት ስለው ይቆጣኝ ነበር።»

አላፍርም ብዬ እንጂ ለቅሶ ቤት የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። «ጣራዋ ይታጠፋል?» አልኳት።

ሴትዮዋ ማልቀሷን አቆመችና ትኩር ብላ አየችኝ። «ይታጠፋል» አለች።

ቤት ተመልሼ ስነግራት ልጄ አልመጣም ብላ ነበር። መካኒኩ ነው የጎተታት። ድርቆሹ ተነሣ፣ ሸራው ተገፈፈ፤ ቀለሟ የለቀቀ፣ ወንበሯ የተቀደደ፣ አቧራ የጠገበች ሰማያዊ መኪና ወጣች። ሞተሩ አይነሳም። ሽቦዋን አይጥ በልቶታል። ልጄ አየቻትና በረጅሙ ተነፈሰች፤ ይኸው ነው፣ አለቀ የሚል ትንፋሽ።

መካኒኩ ግን ከሥር ገብቶ አልወጣም። ሲያንኳኳ ይሰማናል። በመዶሻ ጀርባ በሩን፣ ወለሉን፣ የጎማውን ቤት ሁሉ ነካ ነካ ያደርጋል፤ በሁሉም ቦታ እንደ ጸናጽል ጠርቶ ይጮሃል። በጎረቤት ቤተ ክርስቲያን የሚቀድሱ አንድ ቄስ ለማጽናናት መጥተው ነበርና ነገሩን ሲሰሙ ሊመርቁ እጃቸውን አነሡ።

ልጄ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። «አባ፣ አፉ በሉኝ። እሱ ከሥር ሳይወጣ ማንም አይመርቅልኝ።»

ቄሱ ገርሟቸው ቁጭ አሉ። ሁላችንም ቁጭ አልን። ለቀስተኛ ይገባል፣ ለቀስተኛ ይወጣል፤ እኛ የአንድ ሰው ሁለት እግር ከመኪና ሥር ወጥቶ እያየን እንጠብቃለን። የሟች ሚስት ሊብሬውን ከሣጥን አውጥታ አመጣች፣ ቁጥሩ ታየ፣ ገጠመ። በመጨረሻ ወጥቶ እጁን በድርቆሽ ጠረገ።

«ሞተሯ በሽተኛ ነው። መሪዋም ይታያል። ብዙ ያለፋናል፣ አልዋሽሽም» አላት። «አጥንቷ ግን ደረቅ ነው። ዝገት አልነካትም። ይሄን እኔ ልሥራልሽ ብል አልችልም፤ ሌላውን እችላለሁ።»

ልጄ ተነሥታ መኪናዋን ዞረቻት። እንደ አቀስታዋ አልተቀመጠችባትም። በጉልበቷ ተንበርክካ፣ የታመመ ወገቧን በአንድ እጇ ይዛ፣ ከሥር አጎንብሳ አየች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ቄሱ ሄደችና እጇን ዘረጋች።

በጭነት መኪና ላይ አስረን አመጣናት። አሁን ጋራዡ ውስጥ ሆዷ ተከፍቶ ቆማለች። ከአዲስ አበባ ይመጣል የተባለ ዕቃ ገና አልመጣም፤ አንዱ ሲመጣ ሌላ ይጎድላል። ለጥር ሰርግ የሚጠይቁ አሉ፣ ልጄ ለማንም ቃል አልሰጠችም። ወጪው ያስፈራኛል። አንዳንድ ቀን ልጄና መካኒኩ ሲጨቃጨቁ ሰምቼ፣ ለቅሶ ቤት ያን ጥያቄ ባልጠየቅኩ እላለሁ።

ትናንት ምሳ ይዤላቸው ሄድኩ። ልጄ ከመኪናዋ ሥር ነበረች፣ ስልኳ ከላይ ጮኸ። «እማ፣ ጆሮዬ ላይ ያዢልኝ» አለችኝ። ጎንበስ አልኩና ያዝኩላት። የዚያች ሴት ድምፅ ነው፤ ቪዛው ወጥቷል፣ መቼ ትነሻለሽ ትላታለች። ስልኩ ከጆሮዋ እየተንሸራተተ አስቸገረኝ።

«ለሌላ ሰው ስጪው» አለች ልጄ። ሴትዮዋ ብዙ ተናገረች። ልጄ አዳመጠች፣ አዳመጠች። «አውቃለሁ እህቴ። ካልተሳካልኝ ያኔ አዝናለሁ። አሁን ሞተር ፈትቻለሁ፣ ትቼው አልነሳም።»

ስልኩን ዘጋሁት። እዚያው ተቀምጬ የያዝኩትን ምሳ መፍታት ጀመርኩ። ከሥር ዘይት የለበሰ እጅ ወጣ።

«እማ፣ እዚያ ካለው መፍቻ አቀብይኝ።»

ከፊቴ ያገኘሁትን አንሥቼ ሰጠኋት።

«ይሄ አይደለም። ትንሹን።»