ውሃ የሚጠጣው ቀይ መኪና

ያ ቀይ የስፖርት መኪና አባቴን ሁለት የፊት ጥርስና የቀኝ ክንዱን ቆዳ አስከፍሎታል።

ትናንት ሳቢያን ሰፈር መኪናዬን ሳቆም ጣፋጩ የራዲያተር ውሃ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ወዲያው የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ፤ አባቴ ጋራዥ ውስጥ። የቀዩ መኪና ጌታ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ውሃው በየቀኑ ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም። አባቴ የጭስ ማውጫው ላይ ነጭ ጨርቅ ይዞ አሸተተው።

«ጓርኒሲዮኑ፣ የሞተሩ ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል። ውሃውን ሞተሩ ራሱ እየጠጣው ነው።»

«መኪና ይጠጣል እንዴ? ሌባ! ራስህ ነህ የቀዳኸው!» አለና ነጋዴው የአባቴን አፍ በቡጢ አለው። አባቴ ደምና ጥርስ ሲተፋ፣ ሰውዬው ውሃውን ሊያይ የጋለውን የራዲያተር ክዳን ያዘ።

«ተው አቦ፣ ይፈነዳል!»

አልሰማም፤ ክዳኑን አዞረው። አባቴ ዘሎ ፊቱን በክንዱ ሲከልልለት የፈላው ውሃ ተተኮሰ። የአባቴ ቆዳ እንደ ቲማቲም ልጣጭ ወረደ። የሰውዬው ሸሚዝ እንኳ በቅጡ አልረጠበም።

«ለምን አዳንከው?» ብዬ አለቀስኩ።

«በእኔ ጋራዥ የደንበኛ ፊት ከተላጠ፣ ነገ ማን መኪና ያመጣልኛል?»

ያኔ አልገባኝም፤ ስነግድ ገባኝ። ዛሬ መካኒኬ «ሞተሩ እየጠጣው ነው» ሲለኝ «ፍታው» ብቻ አልኩት።

ነጋዴው ለይቅርታ አልተመለሰም። ወጪ፣ ሁለት ጥርስና የአንድ ክንድ ቆዳ። ገቢ የለም።