ጀርባዋን ለኳሷ የሰጠች ሴት

በኮሪያ በምትገኘው ደሴታችን በጄጁ በሚካሄደው ታላቁ የሴቶች ጎልፍ ሻምፒዮና፣ በመጨረሻው ጉድጓድ ዳር «ጸጥታ» የሚል ሰሌዳ ይዛ የምትቆም ባለ ሰፊ ቆብ ሴት አለች። ሥራዋ ተመልካቹን ዝም ማሰኘት ስለሆነ ፊቷ ሁሌም ወደ እኛ፣ ጀርባዋ ወደ ተጫዋቾቹ ነው። ኳስ ስትገባ አይታ አታውቅም።

ዘንድሮ ሁለት ተጫዋች ልጆች እኩል ነጥብ ይዘው እዚያ ደረሱ። ጓደኛዬ ቹንሺክ የሩዝ ጥቅልሉን፣ ኪምባፑን፣ እየጎረሰ፣ «እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ዞር ብለው ይዩ እንጂ!» አላት።

«አንተ ማኘክህን አቁም፤ እዚያ ድረስ ይሰማል።»

የመጀመሪያዋ ልጅ መታች። ሴትየዋ ዓይኗን ጨፍና የምቱን ድምፅ አዳመጠች። ኳሷ ገና እየተንከባለለች ሳለ፣ ከንፈሯ ድምፅ ሳያወጣ «ገባች» ሲል አየሁት።

እውነትም ገባች። ሜዳው በጩኸት ተናወጠ።

ሴትየዋ ሰሌዳውን በሁለት እጇ ከፍ አደረገች። ቀኝ እጇ በፀሐይ ጠቁሯል፤ ግራው ግን እንደ ሩዝ ነጭ ነው። ጎልፍ የሚጫወት ቀኝ እጀኛ ሰው ጓንት የሚያጠልቀው በግራ እጁ ብቻ ነው።

ቹንሺክም አይቶ ኖሯል። «እትዬ፣ እርስዎም ይጫወታሉ እንዴ?»

ግራ እጇን ኪሷ ከተተችና ሰሌዳውን አፍንጫው ድረስ አስጠጋችለት።

«ዝም በል! ያቺኛዋ ልጅ ገና አልመታችም።»