ጋሼ መሪውን የለቀቁ ዕለት

ብርድ ሲገባ የመኪና ማሞቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት የሚወጣውን ሽታ ታውቁታላችሁ፤ በጋውን ሙሉ ሲጠራቀም የከረመ አቧራ ሲቃጠል የሚሸተውን። በቀደም ኢስተን የገበያ ማዕከል በር ላይ መኪናዬን አቁሜ ልጄን ስጠብቅ ማሞቂያውን ብከፍተው ያ ሽታ መጣ፤ እጄ ማሞቂያው ላይ እንዳለ ቀረሁ። ልጄ ገብታ “ዳድ፣ አር ዩ ኦኬ?” አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። እኔ ግን ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በአጎቴ አሮጌ መኪና ውስጥ እጆቼን በጉልበቶቼ መሃል ቀብሬ ተቀምጬ ነበር።

አጎቴን ጋሼ ነበር የምላቸው። በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ከሱዳን ወደዚህ አገር፣ ወደ ኮሎምበስ ከተማ ያስመጡኝ እሳቸው ናቸው። ሌሊት ሌሊት መሃል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ እየሠሩ ሁለተኛ ደረጃ አስጨረሱኝ፤ ኮሌጅም አስገቡኝ። ፓይለት መሆን እፈልጋለሁ ስላቸው አልተቆጡም። ችግሩ፣ የማብረር ፈቃዱ ከዲግሪው ጋር አብሮ የሚሰጥ ይመስላቸው ነበር።

ስንቴ አስረዳኋቸው! የአየር መንገድ አውሮፕላን ለማብረር የሚያበቃው የመጨረሻው ፈቃድ ሁለተኛ ደረጃ መጨረስን፣ ሃያ ሦስት ዓመት መሙላትንና አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰዓት መብረርን ይጠይቅ ነበር። ትምህርቱ ነበረኝ፤ ዕድሜውም በራሱ ጊዜ ይመጣል። ሰዓቱ ግን ከየት ይመጣል? እንደኔ ላለ ድሃ መንገዱ አንድ ነበር፤ በክፍያ ለማብረር የሚያስችለውን የንግድ በረራ ፈቃድ ማውጣት፣ ከዚያ አስተማሪ ሆኖ ከተማሪዎች ጋር እየበረሩ ሰዓት ማጠራቀም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በንግድ በረራው ፈተና ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ከፈተናው በፊት ለሳምንታት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ፈታኙ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ አዛውንት ነበሩ። ፈተናው መልካም ሄደልኝ። ለማረፍ ስንቃረብ ግን እስክሪብቷቸው ወደቀ፤ ሊያነሱት ሲጎነበሱ እጃቸው በእሳቸው በኩል ያለውን መሪ ነካው። እኔ ለቀቅኩ። በአውሮፕላን ውስጥ መሪ የሚቀበል ሰው “ይዣለሁ” ብሎ በአፉ መናገር አለበት፤ ያ ሳይባል አይለቀቅም። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ተምሬዋለሁ። ትልቅ ሰው እጁን ሲዘረጋ መልቀቅን የተማርኩት ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ነው።

የግራ ክንፋችን ቀስ ብሎ ዘመመ።

“አሁን የሚያበረው ማነው?” አሉኝ ፈታኙ።

“እርስዎ።”

“እኔ አልያዝኩም።”

አውሮፕላኑን አስተካክዬ አሳረፍኩት፤ ፈተናው ግን እዚያው አበቃ። ወደቅኩ። ማታ ለጋሼ ስነግራቸው በፈታኙ ተናደዱ። “ታዲያ ትልቅ ሰው እጁን ሲዘረጋ ምን ልታደርግ ኖሯል?” አሉኝ። በአስተዳደጌ እንደወደቅኩ ገባቸው መሰለኝ፤ ኩራት ቢጤም አየሁባቸው።

አስተማሪዬ ከእኔ ብዙ የማትበልጥ፣ የገበሬ ልጅ ነበረች። ለድጋሚ ፈተና ብቁ ነህ ብላ መፈረም ያለባት እሷ ናት። ስታስበው ቆየችና ቤት ውስጥ ማንን እንደምፈራ ጠየቀችኝ። አጎቴን አልኳት። እንግዲያው ከመፈተንህ በፊት እሳቸውን አንድ ነገር እምቢ በላቸው አለችኝ። የሞተር ክፍሎችን ሁሉ በቃሌ የያዝኩ ሰውዬ ይህ የቤት ሥራ አቃተኝ። ጋሼ ጨምር ሲሉኝ ጠግቤ ሳለሁ በላሁ። ፀጉርህን ተቆረጥ ሲሉኝ ከተቆረጥኩ ገና በሦስተኛ ሳምንቴ ድጋሚ ሄጄ ተቆረጥኩ። ያም ሆኖ አስተማሪዬ ፈረመች፤ ስትፈርም ግን ፊቷ ላይ ስጋት ነበር።

በድጋሚው ፈተና ጠዋት ጋሼ ከሌሊት ሥራቸው በቀጥታ መጥተው ወሰዱኝ። ሰፈራችንን ሂሊያርድን ለቀን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ወጣን። መሬቱ በውርጭ ነጭ ሆኗል፣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ዓይን ትወጋለች፣ ማሞቂያው ያን የተቃጠለ አቧራ ይተፋል። ሙቀቱ ጋሼን አሸነፋቸው። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ ተመለሰ። እንደገና ወደቀ። የቀኙ ጎማ ከአስፋልቱ ወጥቶ ጠጠር ላይ ተንኳኳ። እኔ፣ ታምኑኛላችሁ፣ እጆቼን በጉልበቶቼ መሃል እንደቀበርኩ እንዴት ብዬ ልናገር እያልኩ አስብ ነበር። ልንሞት እንችል ነበር፤ እኔን ያስጨነቀኝ ግን እንዳይከፋቸው ነው።

“ጋሼ፣ ያቁሙ። እኔ እነዳለሁ።”

“ምን አልክ?”

“ያቁሙ። ቁልፉን ለኔ ይስጡኝ።”

አቆሙ። ኮፍያቸውን አስተካክለው ወረዱ፤ በመኪናው ፊት ዞረው መጥተው እኔ የነበርኩበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ፤ እሳቸው በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ፣ እኔ እየነዳሁ ሄድን።

ፈታኙ ያን ቀን ካርታ ሊያነሱ እጃቸውን ሲዘረጉ “ይዣለሁ” አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። አለፍኩ። አስተማሪ ሆንኩ፤ ሰዓቱም በጊዜው ሞላ፤ አየር መንገድ ገባሁ።

ጋሼ ግን ከዚያ ጠዋት በኋላ እኔ ባለሁበት መሪ ጨብጠው አያውቁም። ቁልፉን ያቀብሉኝና በሌላው በር ይገባሉ። ፀጉርህን ተቆረጥ ማለትም ቀረ። ቤት ሲገዙም፣ ከሥራ ሲወጡም አማከሩኝ፤ እኔ አንድ ነገር ስጠይቃቸው ግን መልሳቸው “አንተ ታውቃለህ” ሆነ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው የሚያዘኝ ሰው እንዳጣሁ የገባኝ።

በመጨረሻ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ከበረራ በቀጥታ ሄድኩ። ያኔ ፀጉሬ ገና አልረገፈም ነበር፤ ሆን ብዬ ሳልቆረጠው ወራት ቆይቻለሁ። አጠገባቸው ጎንበስ ብዬ፣ ጋሼ፣ ፀጉሬ አላደገም ወይ አልኳቸው። እጃቸውን አንስተው ጆሮዬ ላይ የወረደውን ፀጉር ነካ አደረጉት።

“አንተ ታውቃለህ” አሉኝ።