ጉትቻ የሌለው ጅብ

ልጅ ሳለሁ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲህ ባለችው መንደራችን፣ ፀሐይ ወደ ማደሪያዋ ስትገባ ብርዱ ደግሞ ወደየቤታችን ይገባ ነበር። የወገራ ብርድ ነዋ! ያልቀመሰው አያውቀውም። ያኔ እኛ ልጆች ገና እራት ሳይደርስ ምድጃ ፍለጋ የምንሮጠው ወደ አያ ደምሴ ቤት ነው። አያ ደምሴ የአባቴ አጎት ናቸው። ሚስታቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ብቸኝነት የሚባለውን ነገር ግን እኛ መች አሳየናቸው? የወይራው ጉማጅ ፍም ሆኖ ሲቀላ፣ ኩራዙ ከጥግ ሆኖ ጥቁር ጭሱን ወደ ጣራው ሲሰድ፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው የገብስ ቆሎ በመዳፋቸው እያሹ ተረት ይጀምራሉ። ቆሎው በጣታቸው መካከል ሲንሿሿ ዝም በሉ የተባልን ያህል ነበር።

የጦጣውንም የቀበሮውንም ያውቁበታል፤ እኛ ግን የምንለምናቸው የቡዳውን ነው። ቡዳ ማለት፣ ያኔ እንደሚባለው፣ ዓይኑ ሰው የሚበላ፣ ሲመሽ አመድ ላይ ተንከባሎ ጅብ የሚሆን ሰው ነው። ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ ሁሉ ቡዳ ነው ይባላል። ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም፣ እንዲያው ይባላል። ተረታቸው እንዲህ ነበር፦ አንድ ገበሬ በረቱ የገባ ጅብ በጦር ይወጋል። ሲነጋ የደሙን ዱካ ተከትሎ ቢሄድ ጅቡ ሞቶ ተጋድሟል፣ ጆሮው ላይ የብር ጉትቻ አለ። የማን ጉትቻ ሆኖ ተገኘ? የሸክላ ሠሪዋ! እዚህ ሲደርሱ አያ ደምሴ ጋቢውን በራሳቸው ላይ ጥለው፣ በእጅና በእግራቸው እየዳሁ፣ ምድጃውን እየዞሩ እንደ ጅብ ሲጮኹ፣ እውነተኛው ጅብ ቢሰማቸው «ወንድሜ» ብሎ በመጣ ነበር። እኛ በጩኸት አንዳችን ባንዳችን ላይ እንወድቃለን። ነፍሳችን ሲመለስ ደግሞ «ድገሙልን አያ!» እንላለን።

የእኛም መንደር ሸክላ ሠሪ ነበረቻት፤ እትዬ ጠጂቱ። ቤቷ ከወንዙ ማዶ፣ ጭቃው ከሚወጣበት አፋፍ ሥር ነው። እናቴ ወጥ የምትሠራበት ድስት፣ ውሃ የምንቀዳበት እንስራ የእጇ ሥራ ነበር። ድስቷን እንወዳለን፣ እሷን እንፈራለን። በመንገድ ስታልፍ እናቶቻችን ፊታችንን በነጠላቸው ይሸፍኑታል፤ እሷም ታውቃለችና መሬት መሬት እያየች ታልፋለች። እኔማ በነጠላው ሥር አጮልቄ የማየው ጆሮዋን ነበር፣ ጉትቻ ይኖር እንደሆነ ብዬ።

አንድ ክረምት ታናሽ ወንድሜ ማሩ ታመመ። አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ገላው ነደደ፣ ምግብ እምቢ አለ፣ ዓይኑን ወደ ጣራው ሰቀለ። እትዬ ጠጂቱ በዚያው ሰሞን ድስት ልታደርስ መጥታ ደጃፋችን ላይ ሲጫወት አይታው «እንዴት ያለ ሸጋ ልጅ ነው!» ብላ ነበር። በቃ። ሌላ ምን ይፈለጋል? መንደሩ ፍርዱን ጨረሰ።

ያኔ ቡዳ የበላው ሰው ይለፈልፋል ይባላል። ቆዳ ቢጤ፣ የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ፍም ላይ ይደረግና በሽተኛው በጋቢ ተሸፍኖ ይታጠናል፤ ያን ጊዜ የበላው ሰው በእሱ አፍ «እገሌ ነኝ» ብሎ ይናገራል። ስሙ ከተጠራው ሰው ልብስ ቅዳጅ ይቆረጥና ተቃጥሎ በሽተኛው በእሱ ይታጠናል። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ዓመት በማዶው መንደር ስሙ የተጠራ ቀጥቃጭ ነበር። ቤቱን አፍርሰው ከነልጆቹ በዝናብ ወደ ሳንጃ በረሃ አባረሩት። ማሩ አፉን ከፍቶ «ጠጂቱ» ካለ፣ እሷም በዚያው መንገድ መሄዷ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናቡ ጋብ ብሏል፣ ቤታችን በጎረቤት ሞልቷል። አባቴ ምላጩን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ ስሟ እንደተጠራ ወንዙን ተሻግሮ ቀሚሷን ሊቆርጥ። የሚያስለፈልፉት ማን መሰሏችሁ? ያው አያ ደምሴ ናቸው። በዕድሜም በአንደበትም የሚበልጣቸው አልነበረም። ማሩን በጋቢያቸው ከልለው ፍሙን አስጠጉለት። ጭሱ ዓይናችንን ቆጠቆጠው፣ ሕፃኑ ሳለ፣ ሳለ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

«ማነህ አንተ? ተናገር!» አሉ በዚያ ጎርናና ድምፃቸው።

ከጋቢው ሥር ቀጭን ድምፅ መጣ። «አያ ደምሴ ነኝ።»

አያ ደምሴ ወደ ጋቢው ጎንበስ አሉ።

«ማን?»

«አያ ደምሴ።»

«የት ያዝኸው?»

«ከምድጃው ዳር። ጅብ ሆኜ።»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ማሩ ከመታመሙ በፊት በነበረው ምሽት አያ ደምሴ ጅብ ሆነው ሲዞሩ የደረሱት እሱ ላይ ነበር፤ ልጁ እንዴት እንደጮኸ ሁላችንም አይተናል። አንዲት ጎረቤት ግን ነገሩ በዚህ እንዲቀር አልፈለገችም። «ተሳስቶ ነው! ልጅ አይደል? ጠጂቱ አይደለሽም ወይ በሉት እስቲ!» አለች። ሌሎቹም «አዎ፣ ይጠየቅ!» አሉ።

ያን ጊዜ የአያ ደምሴን ፊት አየሁት። «ጠጂቱ ነሽ?» ብለው አንድ ጊዜ ቢጠይቁት ልጁ «አዎ» ይል ነበር፤ ደክሞታል፣ ጭሱ አንቆታል፣ ያሉትን ሁሉ ይላል። እሳቸውም ያውቁታል። ጋቢያቸውን ከማሩ ላይ ገፈፉና ተቀመጡ።

«እኔ አይደለሁም ብል ታምኑኛላችሁ?» አሉ።

«እንዴታ አያ! ምን ማለትዎ ነው?»

«ጠጂቱስ አይደለሁም ብትል?»

ያቺ ጎረቤት ነጠላዋን ታስተካክል ጀመር።

«በል እንግዲህ፣» አሉት አባቴን፣ «ምነው ቆምህ? ስም ተጠርቷል። ምላጩን አምጣ።»

አባቴ አልነቃነቅ ሲል ራሳቸው ተነሥተው ከእጁ ወሰዱት። የጋቢያቸውን ጠርዝ ከነጥለቱ ቆረጡና ፍሙ ላይ ጣሉት። የጥጥ ቃጠሎ ሽታ ቤቱን ሞላው። ማሩ አስነጠሰ። ሰዉ አንድ በአንድ፣ ደኅና ዋሉ እንኳ ሳይባባል፣ አጎንብሶ ወጣ። ወንዙን የተሻገረ የለም።

በማግስቱ አባቴ ማሩን በበቅሎ አምባ ጊዮርጊስ ሐኪም ዘንድ ወሰደው፤ መርፌ ተወጋ፣ ሰነበተና ዳነ። አባቴ «መርፌው ነው» ይል ነበር። እናቴ «የአያ ጋቢ ነው» እንዳለች ሞተች። እኔ አላውቅም። ማሩ ዛሬ ሽማግሌ ሆኗል፤ ሲጠይቁት «እኔ ምኑን አስታውሼ!» ይላል።

ወሬው ለእትዬ ጠጂቱ ሳይደርስ አይቀርም። አንድ የገበያ ቀን እኔና እናቴ ከአያ ደምሴ ጋር ስንሄድ መንገድ ላይ ከእሷ ጋር ተገናኘን። ድስቶቿን አዝላ ነበር። ቆመች፤ ስትቆም ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

«አያ ደምሴ፣ አንቱም ከእኛ ሆኑ አሉኝ!» አለቻቸው። «በሉ ይምጡ፣ አመድ ላይ መንከባለሉን ላስተምርዎት።»

«ወገቤ አይችልም፣ እታለም» አሉ እሳቸው።

እንዲህ ሳቀች፣ ድስቶቹ ጀርባዋ ላይ እስኪንኳኩ። እናቴም ሳቀች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ ፊቴን አልሸፈነችውም። የእትዬ ጠጂቱን ጆሮ ያን ቀን ደኅና አድርጌ አየሁት። ቀዳዳ እንኳ የለውም።

ወደ ምድጃው ስንመለስ ያንኑ ተረት ለመንናቸው፤ ልጅ መች ይማራል? ጀመሩልን። ገበሬው ወጋ፣ ነጋ፣ ዱካውን ተከተለ፣ ጅቡ ሞቶ ተገኘ። እዚያ ላይ አቆሙ።

«ጉትቻውስ አያ?» አልኳቸው።

«የጅብ ጆሮ ምን ጉትቻ ይይዛል?» አሉ። «ጅብ ነበረ፣ ሞተ፣ አበቃ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተረቱ ያለ ጉትቻው አይጣፍጥም። አኩርፈን ወጣን። እሳቸው ግን ዳግመኛ አልመለሱትም። እናቴ የተቆረጠውን ጠርዝ ልትዘመዝምላቸው ብትል «ተዪው» አሏት፤ ከዚያ ወዲህ ሲያወሩ እጃቸው ከቆሎው ይልቅ እዚያ ጠርዝ ላይ ነበር።

አሁን የምኖረው ጎንደር ከተማ፣ አራዳ፣ ከልጄ ጋር ነው። ልጄ ሆስፒታል ትሠራለች፣ እኔ ከልጇ ከብሌን ጋር እውላለሁ። በቀደም ብሌን ሞባይሉን ይዛ መጣች። «እምዬ፣ እዪልኝ ጠንቋይዋን!» ባየው አንዲት አሮጊት፣ ሾጣጣ ቆብ ደፍታ፣ በመጥረጊያ ላይ ተቀምጣ ትበርራለች። እኛ አገር ጠንቋይ እንኳ መሬት ተቀምጦ ነው የሚያዋራ። «መጥረጊያውማ ቤት ቢጠረግበት ይሻል ነበር» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ሰዎች ችቦ ይዘው አሮጊቷን ሲያሳድዷት አየሁ።

«ምን አድርጋ ነው?» አልኳት።

«ክፉ ናት እኮ።»

«ማን አለ?»

ብሌን አሰብ አደረገች። «ፊቷን አታዪውም?» አለችኝ።

አልተቆጣኋትም። እኔስ ጆሮ አይደል ሳይ የነበረው? አጠገቤ አስቀመጥኋትና የጅቡን ተረት ጀመርኩላት፤ ገበሬው፣ በረቱ፣ የደሙ ዱካ። መጨረሻው ጋ ስደርስ ምን ይመጣል ብላ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ጉትቻው ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። እጄ ሳላዘው የነጠላዬን ጠርዝ ሲፈልግ አገኘሁት።

«ጅብ ነበረ» አልኳት። «ሞተ።»

«በቃ?» አለች ቅር ብሏት።

«በቃ።»