የነኢማ አንገት

ከሐረር አጠገብ ካለችው ከሶፊ የወጣሁት መግሪብ እንደተሰገደ ነው። ልጄ ነኢማ እስከ ኤረር በር ሸኘችኝ። እንቅርቴን አይታ «አባ፣ ጀርመኖቹ ይህን ያወጡልህ ይሆናል» አለችኝ። የሷም አንገት ያኔ ማበጥ ጀምሮ ነበር። እኛ ዘንድ እንቅርት ወሬ አይደለም፤ የጨው ነው ይባላል። ልብህ ሲደልቅ ደግሞ የጫት ነው ይሉሃል። ጫቱን ተውኩት፤ ልቤ ግን አልተወም።

እዚህ ጀርመን ድንች አለ፣ በርበሬ የለም። ሰውነቴ ስለሚነድ በበረዶ መስኮት ከፍቼ እተኛለሁ። አከራዬ ሴትዮ መጣች።

«ሃይሱንጉን፣ ማሞቂያውን የከፈትኩልህ መንገዱን እንድታሞቅበት ነው? አገርህ ሙቀት በነጻ ነው መሰለኝ!»

«አዎ፣ አከራይም የለውም» አልኳት። አልሳቀችም።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄድኩ፤ ሐኪሙ ደሜን ደጋግሞ አየ። አስተርጓሚው የደሴ ልጅ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነውና እንደገባኝ ልንገራችሁ። ከአንገት ዕጢ ሆርሞን ይወጣል፣ በደም ዞሮ ሴል ውስጥ ይገባል። እዚያ ዲኤንኤው ላይ የተቀመጠ ፕሮቲን አለ፤ ተቀባይ ይሉታል። ሆርሞኑን ሲይዝ አንዱን ጂን ያሠራል፣ ሌላውን ዝም ያሰኛል። የእኔ ተቀባይ ከተፈጥሮው የተበላሸ ነው፣ አጥብቆ አይዝም። አንጎሌ ሆርሞን ያነሰ ይመስለውና ዕጢውን «ጨምር» ይለዋል። ዕጢው ያብጣል። ልቤ ውስጥ ያለው ተቀባይ ግን ሌላ ዓይነት ነው፣ ጤነኛ ነው፤ ትርፉ ሁሉ እሱ ላይ ይወርዳል።

«ታዲያ ቁረጡልኛ!»

«ዕጢው ምን አጠፋ?» አለ ሐኪሙ። «ከተቆረጠ ያለህንም ታጣለህ፤ ዕድሜ ልክህን ኪኒን ነው። ይልቅ ልጅ አለህ? ይወረሳል።»

የነኢማን እንቅርት ነገርኳቸው። አስተርጓሚው «ጋሼ፣ አሁኑኑ ይደውሉ» አለኝ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ወንድሜ ዩሱፍ ጋ ደወልኩ።

«ዩሱፍ፣ ነኢማን ማንም እንዳይቆርጣት!»



«ወንድምዬ፣ እንዳትጨነቅ ብለን ነው ያልነገርንህ። ጁምዓ ዕለት ኦፕሬሽን ተሠራላት። አልሐምዱሊላህ፣ አንገቷ የሙሽራ አንገት ሆኗል።»

የኛ ደንብ ይኼ ነው። ስደተኛ ክፉ ነገር የሚሰማው ካለቀ በኋላ ነው። እሱም ቢሆን የራሱን አይነግራቸውም፤ ሲጠይቁኝ «ደህና ነኝ» እላለሁ። አልተናደድኩም።

ነኢማ ስልኩን ተቀበለች። ድምጿ ሻክሯል።

«አባ፣ ቆንጆ ሆንኩልህ።»

«ኪኒን ሰጡሽ?»

«የምን ኪኒን? ዳንኩ እኮ! ልቤ ብቻ እንደ ድሮው ይደልቃል። ያንተስ ተወህ?»

አስተርጓሚው ኪኒን እንዳልሰጧት ሰምቶ ሐኪሙን ሊጠራ ሮጠ።

«አልተወኝም» አልኳት። «ነኢማ፣ ስልኩን እንዳትዘጊ።»