ብላቴ የጠራበት ሐሙስ

አስካለች ዓሣ ማጥመድ የምትወድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። በሶዶ ከተማ ይህን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ማለዳ ከቤቷ ስትወጣ መጀመሪያ ቀና ብላ የምታየው የዳሞታን ተራራ ነው። ሌላው ሰው ተራራውን የሚያየው ጃንጥላ ይያዝ ወይስ ይተወው ለማለት ነው። እሷ ግን ደመናው ከየት በኩል እንደ መጣ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚገፋው ታያለች። ከዚያ በሆዷ ቀን ትቆጥራለች።

ይህን ያስተማሯት አባቷ ነበሩ። ከበዴሳ ወዲያ ቆላ ወርደው፣ ብላቴ ወንዝ ዳር በቆሎና ጥጥ የሚያርሱ ሰው ነበሩ። ከወንድ ልጆቻቸው አንዱም መንጠቆ ይዞ መቀመጥ አልወደደም። አስካለች ግን ገና በልጅነቷ ከጎናቸው ከተቀመጠች አትነሣም ነበር። አባቷ ውሃውን የሚመዝኑት በእጃቸው ነው። ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ይነክሩና፣ "የጣቴ ጥፍር ከታየኝ ዓሣውም እኔን ያየኛል። አንጓዬ ከጠፋብኝ ደግሞ ዓሣው ምግቡን አያይም። መዳፌ ታይቶ ጥፍሬ ሲጠፋ ነው ደጉ ቀን" ይሏታል። ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ ወንዝ ዳር ስትደርስ መጀመሪያ እጅጌዋን ነው የምትሰበስበው።

ችግሩ እሷ ሶዶ፣ ወንዙ ቆላ መሆኑ ነው። እዚያ ሄዶ እጅ እስኪነከር ድረስ ውሃው ይደፍርስ ይጥራ አይታወቅም፤ በከንቱ ደግሞ ቀን አይቃጠልም። ለዚህ መላ የፈጠረላት ኤርሳዶ ነው። ኤርሳዶ በሻሸመኔ መስመር አውቶቡስ የሚነዳ የሰፈሯ ልጅ ሲሆን፣ መኪናው ሀላባ አጠገብ ብላቴን በድልድይ ያቋርጣል። እዚያ ያለፈ ውሃ ሲውል ሲያድር በበዴሳ በኩል ወዳለው ቆላ ይወርዳል። ስለዚህ ተስማሙ። ወንዙ ቀይ ከሆነ ኤርሳዶ አንድ ጊዜ ደውሎ ይዘጋል፤ ከጠራ ሁለት ጊዜ።

እንግዲህ የ2001 ዓ.ም. በልግ አስካለችን ፈተናት። ዝናቡ መጋቢት ላይ ገብቶ አልለቅም አለ። ኤርሳዶ አንድ ጊዜ እየደወለ ይዘጋል። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ወንዙ ለሦስት ቀን ጠርቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ የባሏ የእህት ልጅ ቦዲቲ ላይ አገባች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰማዩ ብሩህ ሆኖ ዋለ፤ እሷ ግን ግምገማ ላይ ነበረች። ከዚያ በኋላ ቢፒአር የተባለው የሥራ ሂደት ለውጥ ስልጠና መጣና ቅዳሜዎቹን ሁሉ ጠቀለላቸው። ውሃ ሲኖር ቀን የለም፤ ቀን ሲኖር ውሃ የለም። ባሏ ጩማ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው፤ እራት ላይ እየሳቀ፣ "የሁለቱን መገናኛ ነጥብ ላሰላልሽ?" ይላት ነበር።

"አስላው።"

"ጡረታ ስትወጪ ነው።"

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ጠረጴዛዋ ላይ ያለው ስልክ አንድ ጊዜ ጠርቶ ተቋረጠ። አስካለች እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥታ ጠበቀች። ሁለተኛ ጥሪ የለም። ደብዳቤዋን መጻፍ ቀጠለች፤ ሐሳቧ ግን ስልኩ ላይ ቀረ። ከአራት ቀን ወዲህ ዳሞታ ላይ ደመና አላየችም። ወንዙ እንዴት ቀይ ይሆናል? ኔትወርኩ ይሆን ሁለተኛውን የበላው? ሥራ እንዳለቀ ወደ ቤት መሄዱን ትታ መናኸሪያ ወረደችና ከኤርሳዶ አውቶቡስ ቀድማ ቆመች።

ኤርሳዶ ከመሪው ሳይነሣ በመስኮት አያትና በወላይትኛ ሰላም አላት። "ሳሮ፣ አስካለች። ሁለተኛው አልገባልሽም አይደል?"

"አልገባም።"

"ሦስቴ ሞከርኩ እኮ፣ እምቢ አለ። ድልድዩ ላይ ቀስ ብዬ ነው ያለፍኩት፤ ከታች ድንጋዩ ይታያል።"

"ወደ ላይስ? ወደ ሆሳዕና በኩል?"

"እዚያ ደመናው መክበድ ጀምሯል። እስከ ሐሙስ ቢጠብቅልሽ ነው። ዓርብ አልልሽም።"

አስካለች ወደ ቤቷ ስትወጣ መንገዱን እንዴት እንደ ጨረሰችው አላወቀችም። ዛሬ ድንጋዩ የሚታይ ከሆነ ነገ ቆላ ይደርሳል፤ ሐሙስ ጠዋት አባቷ ይወዱት የነበረው ዓይነት ውሃ ይሆናል። የቀራት ሐሙስን ከመሥሪያ ቤት ማውጣት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በአንድ ነገር ቀለላት። በዚያ ሰሞን መብራት በፈረቃ ስለ ነበር በመሥሪያ ቤቷ ሰፈር ሐሙስ ሐሙስ ይጠፋል። ኮምፒውተር ያለ መብራት አይሠራም፤ ጸሐፊ ያለ ኮምፒውተር መስኮት ታያለች።

ረቡዕ ጠዋት የፈቃድ ቅጽ ሞልታ ወደ አስተዳደር ኃላፊው ወደ አቶ ሀብታሙ ቢሮ ገባች። አቶ ሀብታሙ በሥራ ጥብቅ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሽማግሌ ናቸው። አስካለች የምትዘምረው እሳቸው ባሉበት አጥቢያ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡና አንድ መስመር ላይ ቆሙ።

"ምክንያት፣ ዓሣ ለማጥመድ" አሉ። "ይህ ምንድን ነው?"

"ምክንያቱ ነው፣ አቶ ሀብታሙ።"

"እዚህ ላይ የሚጻፈው ሐዘን ነው፣ ሕመም ነው፣ ሠርግ ነው። ዓሣ ተብሎ ሲጻፍ አላየሁም። ማኅበራዊ ጉዳይ በይው፣ ያልቃል።"

"ማኅበራዊ አይደለማ። ብቻዬን ነው የምሄደው።"

"እህት አስካለች፣ ቃል ነው እኮ የምትለውጪው።"

"እሑድ ዕለት ስለ ትንሿ ውሸት ያስተማሩን እርስዎ ነዎት" አለች፣ ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ።

አቶ ሀብታሙ መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉት። የጠረጉት ግን ቆሽሾ አልነበረም። "ቅዳሜ አይሆንም?" አሉ።

"ቅዳሜ ስልጠና አለ፤ ጥሪውን የፈረሙት እርስዎ ነዎት። የሚቀጥለው ሳምንት እንዳልል ደግሞ ሆሳዕና በኩል ደመና ከብዷል። ዓርብ ወንዙ ቀይ ይሆናል። ከመጋቢት ጀምሮ የጠራና መብራት የሌለበት ቀን ሲገጣጠም ይህ የመጀመሪያው ነው። የሠላሳ ስድስት ቀን ፈቃድ አለኝ። የምጠይቀው አንድ ቀን ነው።"

ሰውየው ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ሆሳዕና ላይ ደመና መኖሩን ማን እንደ ነገራት ጠየቁ። ስለ ድልድዩና ስለ ስልክ ጥሪው ከመጀመሪያው ጀምራ አስረዳቻቸው። እየሰሙ ሳሉ ፊታቸው ቀስ እያለ ተፈታ።

"ከወረዳ የሚመጡ ሪፖርቶች ይህን ያህል መረጃ ቢይዙ ኖሮ" አሉና ፈረሙ። ቅጹን ሲሰጧት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፦ "አምባዛ ነው የሚያዘው?"

"በብዛት አምባዛ ነው።"

"ባለቤቴ ትናንት ዳታ በርበሬ ፈጭታለች" አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ሐሙስ ሲነጋ አስካለች የመጀመሪያውን የበዴሳ ሚኒባስ ያዘች። በዘንቢሏ ውስጥ ሁለት ጥቅል የናይለን ክር፣ መንጠቆዎች፣ ለክብደት የሚታሰሩ የብሎን ዳዶዎች፣ ከሉካንዳ የገዛችው የበሬ ሳንባና ለምሳ የቀቀለችው ቦይና የሚባል ጎደሬ ነበር። ከበዴሳ በጭነት መኪና ጋቢና ወደ ቆላ ወረደች። ሦስት ሰዓት ሲሆን ወንዙ ዳር ቆመች። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ነከረች። መዳፏ ይታያል፤ ጥፍሯ የለም። ብቻዋን ሳቀች።

እዚያ ዳር የአባቷ ጓደኛ ኤርካሎ እንደ ሁልጊዜው ከሾላው ሥር ተቀምጠዋል። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ጆሯቸውም ከብዷል። ቤታቸው ከወንዙ ሃምሳ እርምጃ ስለማይርቅ ቀን መምረጥ የሚባል ጣጣ አያውቁም፤ ሲሰለቻቸው ይመጣሉ፣ ሲርባቸው ይሄዳሉ።

"ጋሼ ኤርካሎ፣ እንዴት አደሩ? ውሃው ዛሬ እንዴት ነው?" አለች ጮክ ብላ በወላይትኛ።

"ትናንት ነበር መምጣት" አሉ።

"ባለፈው ስመጣም እንዲሁ ነው ያሉኝ።"

"ያኔም ትናንቱ ይሻል ነበር።"

ሁለቱም ክራቸውን ጣሉ። ሁለት ሰዓት ያህል የነካ ነገር የለም። አምስት ሰዓት ላይ ከአባያ በኩል ነፋስ ተነሣና የውሃውን ፊት አሸበሸበው፤ የአስካለች ክር እየተንሳፈፈ ወደ ዳር ይመለሳል። ቦይናውን ተካፍለው በሉ። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ነፋሱ አልቆመም። ኤርካሎ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አስካለች ሰዓቷን ታያለች፤ ወደ በዴሳ የምትመለሰው የመጨረሻዋ መኪና ዘጠኝ ተኩል ላይ ታልፋለች። እንደዚያም ሆኖ አልተከፋችም። ሦስት ወር ሙሉ በሐሳቧ የተመላለሰችበት ቦታ ላይ ተቀምጣለች፤ ማኅተም የለ፣ ደብዳቤ የለ። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ሣሩ ላይ ዘረጋች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋሱ እንደ መጣው ሄደ። ውሃው ተኛ። ብዙም ሳይቆይ በጣቷ ላይ የጠመጠመችው ክር ሁለት ጊዜ ተነካና ተወጠረ። የክንድ ያህል የምትረዝም አምባዛ ጎትታ ሣሩ ላይ ጣለች። ሳንባውን እንደ ገና ሰክታ ስትወረውር ከመንገዱ የመኪናዋ ጥሩንባ ተሰማ። በአንድ እጇ ክሩን እንደያዘች በሌላው ለጩማ ደወለች።

"መኪናዋ መጣች። ልሂድ ወይስ ልቆይ?"

ጩማ የመምህራን ክፍል ውስጥ ፈተና እያረመ ነበር። "ስንት ያዝሽ?"

"አንድ።"

"በአንድማ አትመለሺ። እራቱን እኔ እሠራለሁ።"

መኪናዋ አለፈች። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ተኩል አስካለች ስታወራው ሁልጊዜ የምትፈጥንበት ነው። ሁለተኛው ወዲያው መጣ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ተከታትለው ወጡ። አምስተኛው ግን ክሩን ይዞ ወደ መሐል ሄደ። ሳንባውን የዋጠው ምን እንደሆነ አይታይም፤ እሷን ግን እየጎተተ ወደ ጭቃው አወረዳት። ኤርካሎ ነቁና የሹራቧን ጫፍ ከኋላ ያዙ።

"ልቀቂለት፣ ክሩን ልቀቂለት፤ ይድከም" ይላሉ።

"ከለቀቅሁት ይሄዳል።"

"አይሄድም፣ በልቷል እኮ።"

ለቀቀችለት፤ ሰበሰበች፤ እንደ ገና ለቀቀችለት። በመጨረሻ ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ፣ ጢሙ ረጅም የሆነ አምባዛ ዳር ላይ ሲገለበጥ ሁለቱም በአንድ ላይ ወደ ኋላ ወደቁ። ሽማግሌው ጭቃው ውስጥ እንደ ተቀመጡ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። "አባትሽ እንዲህ ያለ ያዘ ብለው ቢነግሩኝ አላምንም ነበር" አሉ።

ከአምስቱ ሁለቱን ለእሳቸው ተወችላቸው። ትልቁን ስትሰጣቸው እምቢ ብለው፣ "እሱን ባልሽ ይየው" አሏት።

በቆሎ የጫነ ትልቅ መኪና አገኘችና ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ አስገባት፤ የዓሣውን ሽታ ሲሰማ መስኮቱን ከፍቶ፣ ስለ ትልቁ ሲሰማ ደግሞ መልሶ ዘጋው። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ሶዶ ሲደርሱ ጩማ ማውረጃው ላይ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። ዝናቡ ገና ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል። ዘንቢሉን ከእጇ ተቀበለና ክብደቱ ክንዱን ሲያወርደው አያት።

"ይህ በሒሳብ አይሆንም" አላት።

ዓሣውን ጩማ ራሱ ጠበሰው። በማግሥቱ አንዱ በዕቃ ተደርጎ ወደ መሥሪያ ቤት ሄደ። አቶ ሀብታሙ ዳታውን በትንሽ ጠርሙስ ከቤታቸው ይዘው መጥተው ነበር፤ ሙሉ ቢሮው ምሳውን እዚያው በላ።

ዝናቡ ኤርሳዶ እንዳለው ዓርብ አላረፈም። ሰኔ ገባ፣ ክረምቱ ከበልጉ ጋር ተያያዘ፤ ብላቴ እስከ መስከረም መጨረሻ ቀይ እንደሆነ ቆየ። አስካለች የዚያን ክረምት ስልጠናና ግምገማ ሁሉ ሳታጓድል ተቀመጠች። አንዳንዴ ማስታወሻ እየያዘች ሳለ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋና የአንድ ዓሣ ርዝመት ትለካለች፤ አጠገቧ ያለው ሰው ዞር ብሎ ሲያያት ፈገግ ብላ ታጥፋቸዋለች።